አይሮፕላን ለመሥራት የሚሰጠው ፈቃድ፤ አመጣጡና መርማሪው

አይሮፕላን ሠርቶ ለመሸጥ የሚፈልግ ፋብሪካ አስቀድሞ ከመንግሥት ፈቃድ መቀበል እንዳለበት የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ፈቃድ ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንደ ጠየቀውና ማን መርምሮ እንደሚሰጠው ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። የአየር ጉዞ ታሪክ የሚጻፈው ስለ ደፋር አብራሪዎችና ስለ ፈጣን ሞተሮች ነው፤ ንድፉን መርምሮ ማኅተም የሚመታበት ሰው በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ እምብዛም ስፍራ የለውም። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው፣ የፈቃዱ ታሪክ አንድ ጥያቄ እየተደጋገመ የሚነሣበት ታሪክ መሆኑን ነው፤ ይኸውም የሠሪውን ሥራ የሚመለከተው ዓይን የማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ነገሩም ለአሜሪካና ለአውሮፓ ብቻ የሚተው አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ተነሥቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀው አይሮፕላን ጥያቄውን ወደ አገራችን አምጥቶታልና። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ፈቃድ የሚለውን ቃል መፍታት ያስፈልጋል። አይሮፕላን ሠሪ የሚቀበለው ፈቃድ አንድ ሳይሆን ሦስት ነው። አንደኛው የአይሮፕላኑን ዓይነት፣ ማለት ንድፉን የሚያጸድቅ ነው፤ መሐንዲሶቹ የነደፉት ክንፍ፣ መሪና የኤሌክትሪክ መሥመር ሁሉ ሕጉ የሚጠይቀውን የሚያሟላ መሆኑ በስሌትና በፈተና ከተረጋገጠ በኋላ ይሰጣል። ሁለተኛው ለፋብሪካው የሚሰጥ የማምረት ፈቃድ ነው፤ ንድፉ መልካም ቢሆንም ፋብሪካው አንደኛውንም ሺኛውንም አይሮፕላን ከንድፉ ሳያፋልስ ለመሥራት የሚችል መሆኑን ይመሰክራል። ሦስተኛው ከፋብሪካው ለሚወጣው ለእያንዳንዱ አይሮፕላን የሚሰጥ፣ ለመብረር የበቃ መሆኑን የሚያረጋግጥ ምስክር ወረቀት ነው። በልብስ ሰፊ ቢመሰል የመጀመሪያው ልኩንና አቆራረጡን፣ ሁለተኛው የስፌት መኪናውንና ሠራተኛውን፣ ሦስተኛው ተሰፍቶ ያለቀውን ኮት የሚመለከት ነው። መለዋወጫ ዕቃ ብቻ ሠርቶ ለሚሸጥ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ፈቃድ አለ፤ እርሱን በስፍራው እናነሣዋለን።

በ1919 በፓሪስ የተፈረመው ስምምነት፣ ከአገር ወደ አገር የሚበር አይሮፕላን ሁሉ የብቃት ምስክር ወረቀት እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ግን ስምምነቱን ፈርመው ሳያጸድቁት ቀሩ። በአሜሪካ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሠራዊቱ የማይፈልጋቸውን አይሮፕላኖች በርካሽ ስለ ሸጠ፣ ጥቂት ገንዘብ ያለው ሁሉ አንዱን እየገዛ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ሕዝቡን በክፍያ ያሳፍር ጀመር። ክንፉ በሽቦ የተጠገነ፣ ሞተሩ ያረጀ ቢሆን የሚጠይቀው አልነበረም። አደጋውም እየበዛ ስለ ሄደ ሕዝቡ አይሮፕላንን እንደ ሰርከስ ጨዋታ እንጂ እንደ መጓጓዣ አልቆጠረውም።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊታዘበው የሚገባ ነገር አለ። መንግሥት ሕግ እንዲያወጣ አጥብቀው የጠየቁት ራሳቸው አይሮፕላን ሠሪዎቹ ነበሩ። ነጋዴ ሕግ ይውጣብኝ ብሎ ሲለምን ማየት እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባንክ አያበድራቸውም፣ የኢንሹራንስ ኩባንያ አይዋሳቸውም፣ መንገደኛም አያምናቸውም ነበር። የመንግሥት ማኅተም ያለበት ወረቀት ለሠሪው የገበያ ዕቃ ሆኖ ታየው። ስለዚህ ፈቃዱ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ሁለት ፊት ነበረው፤ አንዱ ሕዝቡን የሚጠብቅ፣ ሌላው ንግዱን የሚያስፋፋ።

ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ ሕጉን የፈረሙት በሜይ 20 ቀን 1926 ነው። ሥራው ለንግድ ሚኒስቴር ተሰጠ፤ በዚያም ውስጥ የአየር ጉዞ ክፍል ተቋቁሞ ዊልያም ማክራከን የተባሉ ጠበቃ ተሾሙበት። በሕጉ መሠረት የመጀመሪያው የዓይነት ማረጋገጫ በማርች 29 ቀን 1927 ቡል ኤርስተር ለተባለ፣ ሦስት ሰው ለሚይዝ፣ ድርብ ክንፍ ላለው ትንሽ አይሮፕላን ተሰጠ። ከጥቂት ቀን በኋላም የአብራሪነት ፈቃድ ቁጥር 1 ለኦርቪል ራይት ቀርቦላቸው አልፈልግም ስላሉ ማክራከን ራሳቸው ወሰዱት። ሕጉ ሚኒስቴሩን የአየር ንግድን እንዲቆጣጠርም፣ እንዲያስፋፋም አዝዞት ነበር። ይህ ሁለት ጌታ የማገልገል ግዴታ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት እየተላለፈ ቆይቶ፣ የማስፋፋቱ ተግባር ከሕጉ የተሰረዘው በ1996 ነው፤ ማለት ከ70 ዓመት በኋላ።

የመጀመሪያዎቹ መርማሪዎች ሥራቸው ሥዕሉንና ስሌቱን አገላብጦ ማየት፣ ከዚያም አይሮፕላኑን በዓይን መመልከትና ማብረር ነበር። በዓይን የማይታየው ነገር ያመለጠው በማርች 31 ቀን 1931 ነው። በዚያ ቀን በካንሳስ ክፍለ ሀገር አንድ ፎከር ኤፍ 10 የተባለ አይሮፕላን ወድቆ በውስጡ የነበሩት 8 ሰዎች ሁሉ ሞቱ። ከሟቾቹ አንዱ በመላው አሜሪካ የታወቁት የእግር ኳስ አሠልጣኝ ክኑት ሮክኒ ስለ ነበሩ ጋዜጦቹ አልተዉትም። የአይሮፕላኑ ክንፍ ከእንጨትና ከኮምፔርሳቶ በሙጫ ተጣብቆ የተሠራ ነበር፤ እርጥበት ወደ ውስጥ ገብቶ ሙጫውን ሲያላቅቀው ከውጭ ለሚመለከት መርማሪ ምንም አይታይም። እስከዚያ ድረስ የአየር ጉዞ ክፍሉ የአደጋዎችን ምክንያት ለሕዝብ አይገልጽም ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን የሕዝቡ ጩኸት ስለ በረታበት ለመናገር ተገደደ። የዚህ ዓይነት አይሮፕላኖችም በሜይ 1931 ከበረራ ታገዱ።

አደጋው የደረሰበት ኩባንያ ቲ ደብልዩ ኤ ነበር። ይህ ኩባንያ በኦገስት 1932 ለፋብሪካዎች ደብዳቤ ጽፎ ከብረት የተሠራ አይሮፕላን እንዲነድፉለት ጠየቀ፤ የዳግላስ ፋብሪካ ለደብዳቤው የሰጠው መልስ እየተሻሻለ ዲሲ 3 የተባለውን ዝነኛ አይሮፕላን አስገኘ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም የሥራ አመራር ውል የተዋዋለው ከዚሁ ከቲ ደብልዩ ኤ ጋራ ነው፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ጉዞ ወደ ካይሮ ያደረገውም በዚሁ በዳግላስ አይሮፕላን፣ ለጦር ሠራዊት በተሠራው ዓይነቱ ነበር። በካንሳስ ሜዳ የወደቀው የእንጨት ክንፍ በዚህ መንገድ ከእኛም ታሪክ ጋራ ተያይዟል።

አገሮች በአየር መገናኘት ሲጀምሩ አንድ ችግር ተነሣ። በአሜሪካ ተሠርቶ የጸደቀ አይሮፕላን ወደ ሌላ አገር ሲገባ ያ አገር እንደገና ከሥሩ ይመርምረው ወይስ የአሜሪካንን ማኅተም ይመን? መልሱ የተሰጠው በዲሴምበር 7 ቀን 1944 በቺካጎ በተፈረመው የዓለም ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ነው። የስምምነቱ 31ኛ አንቀጽ እያንዳንዱ አይሮፕላን የተመዘገበበት አገር የሰጠውን የብቃት ምስክር ወረቀት እንዲይዝ ያዝዛል፤ 33ኛው አንቀጽ ደግሞ ወረቀቱ የተሰጠበት ደንብ በስምምነቱ ከተወሰነው ዝቅተኛ ደረጃ የማያንስ እስከ ሆነ ድረስ ሌሎች አገሮች እንዲቀበሉት ያስገድዳል። ዝቅተኛው ደረጃ ራሱ በ1949 የጸደቀው ስምንተኛ አባሪ ነው። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት በማርች 1947 ተቀብላለች።

አንቀጽ 33 በወረቀት ላይ አጭር ነው፤ በተግባር ግን የዓለምን አገሮች በሁለት ይከፍላል። ሁሉም አገሮች በአንድ ማዕርግ ፈራሚዎች ቢሆኑም፣ ንድፍ ለመመርመር የሚበቃ የመሐንዲስ ሠራዊት ያላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩት የጥቂቶቹን ዓይን ተውሰው ይበራሉ። ይህን ስንል ኢትዮጵያ አይሮፕላን ሠርታ አታውቅም ማለታችን አይደለም። በ1935 ሉድቪግ ቬበር የተባሉት የንጉሠ ነገሥቱ ጀርመናዊ አብራሪ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋራ በአዲስ አበባ አንድ ትንሽ አይሮፕላን ሠርተው ነበር፤ በልዕልት ፀሐይ ስምም ፀሐይ ተባለች። ጦርነቱ ባይመጣ ኖሮ ከእርሷ በኋላ ምን ይከተል እንደ ነበረ ማንም ሊናገር አይችልም። ጣልያኖች ወስደዋት በሮም አጠገብ በአየር ኃይል ሙዚየም ስትታይ ኖራ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ለአገሯ ተመለሰች። በፀሐይ ጊዜ የንድፍ ማጽደቂያ ወረቀት የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት በአገራችን አልነበረም፤ ከጦርነቱ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ሲቋቋም የሚቈጣጠራቸው አይሮፕላኖች በሌላ አገር የተሠሩና በሌላ አገር የጸደቁ ነበሩ።

የሌላው አገር ዓይን ራሱ ምን ያህል ያያል? በቅን ልቦና የተደረገ ምርመራም ሊሳሳት እንደሚችል ኮሜት የተባለው የእንግሊዝ አይሮፕላን አሳይቷል። ኮሜት በዓለም የመጀመሪያው የመንገደኞች ጄት ሆኖ በሜይ 2 ቀን 1952 ከለንደን ተነሥቶ በካርቱም በኩል ወደ ጆሃንስበርግ መመላለስ ጀመረ። በጃንዋሪና በኤፕሪል 1954 ሁለት ኮሜቶች በጣልያን አጠገብ በአየር ላይ ተበጣጥሰው ባሕር ውስጥ ገቡ፤ በሁለቱ 56 ሰዎች ሞቱ። የብቃት ምስክር ወረቀቱም ተነጠቀ። መርማሪዎቹ በፋርንቦሮ አንድ ኮሜት በትልቅ የውሃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው፣ በበረራ ጊዜ አየሩ አካሉን እንደሚወጥረው ሁሉ በውሃ እየወጠሩና እያላሉ ፈተኑት፤ ቀድሞ ያደረጋቸው በረራዎች ተደምረው በ3057ኛው ውጥረት ላይ ተቀደደ። ከወደቁት አንዱ 1290፣ ሌላው 900 ጊዜ ያህል ብቻ በሮ ነበር።

ይሁንና ፋብሪካው አስቀድሞ ባደረገው ፈተና ያው አካል ከ16000 ጊዜ በላይ ችሎ ነበር። ልዩነቱ ከየት መጣ? ፋብሪካው ጥንካሬውን ለማሳየት የሙከራውን አካል መጀመሪያ ከሚገባው ግፊት በእጥፍ ወጥሮት፣ ከዚያ በኋላ ያንኑ አካል ለድካም ፈተና ተጠቀመበት። የመጀመሪያው ከባድ ውጥረት በመስኮቶቹ ማዕዘን ያለውን ላሜራ ጥቂት ሳብ አድርጎ አጠነከረው፤ ለመንገደኛ የተሸጡት አይሮፕላኖች ግን ይህን አላገኙም። የተፈተነው አንድ፣ የተሸጠው ሌላ ሆነ ማለት ነው። እዚህ ማታለል የለም፤ ሠሪውም አጽዳቂውም አምነውበት ነበር። እኛ እንደሚመስለን የኮሜት ታሪክ የሚከበረው ውድቀቱ ስለ ተደበቀ ሳይሆን ለዓለም ሠሪዎች ሁሉ ስለ ተገለጠ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ አይሮፕላኖች እየተወሳሰቡ ሲሄዱ የመንግሥት መሐንዲሶች ሥዕሉን ሁሉ ማየት አቃታቸው። ሥልጣንን በከፊል ለግል ሰው መስጠት አዲስ ነገር አልነበረም፤ ከ1927 ጀምሮ የአብራሪዎችን ጤና የሚመረምሩት በመንግሥት የተመረጡ የግል ሐኪሞች ነበሩ። በ1950 የአሜሪካ ምክር ቤት ሕጉን አሻሽሎ የምርመራውን ሥራ ለግል ሰዎች በውክልና ለመስጠት ፈቀደ። በዚህ መሠረት የፋብሪካው ደመወዝተኛ የሆነ መሐንዲስ በመንግሥት ስም ንድፉን ይመረምራል። በ1958 የተቋቋመው፣ በኋላ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የተባለው መሥሪያ ቤትም ይህንኑ አሠራር ወረሰ። አንዳንድ ሰዎች ይህን እንደ ጉድ ያዩታል፤ እኛ ግን በራሱ ክፉ ነው አንልም። ክንፉን ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው የሠራው ነው። ዋናው ነገር ወኪሉን የሚመርጠው ማን ነው፣ ክፉ ነገር ሲያይስ የሚነግረው ለማን ነው የሚለው ነው።

የወረቀቱ ማኅተም ከሥራው ተለይቶ ሲቀር ምን እንደሚሆን ዲሲ 10 አስተምሯል። በጁን 12 ቀን 1972 በካናዳ በዊንዘር ከተማ ሰማይ ላይ የአንድ ዲሲ 10 የጭነት በር በበረራ ላይ ተከፍቶ ተገነጠለ፤ በዕድል ሁሉም ተረፉ። የአቪዬሽኑ አስተዳደር በሩ እንዲለወጥ አስገዳጅ ትእዛዝ ሊያወጣ ሲዘጋጅ፣ የአስተዳደሩ ሹምና የፋብሪካው ፕሬዚዳንት በስልክ ተነጋግረው ነገሩ በፋብሪካው ማሳሰቢያ ብቻ እንዲያልፍ ተስማሙ። በማርች 3 ቀን 1974 ያው በር በፓሪስ አቅራቢያ በአንድ የቱርክ አየር መንገድ ዲሲ 10 ላይ ተከፍቶ 346 ሰዎች አለቁ። በምርመራው ጊዜ የፋብሪካው መዝገብ ሲገለጥ ለዚያ አይሮፕላን የታዘዘው ማሻሻያ ተሠርቷል የሚል የተቈጣጣሪዎች ማኅተም ተመትቶበት ተገኘ። ሥራው ግን አልተሠራም ነበር።

ስለ መለዋወጫ ዕቃዎችም በዚህ ስፍራ ጥቂት መናገር ይገባል። በአሜሪካ ደንብ አንድ ፋብሪካ የሌላውን አይሮፕላን መለዋወጫ ሠርቶ ለመሸጥ ቢፈልግ፣ ወይም ከንድፉ ባለቤት ፈቃድ ያገኛል፣ ወይም ዕቃው ከዋናው ጋራ አንድ መሆኑን ያሳያል፣ ወይም በራሱ ፈተናና ስሌት ብቃቱን ያስረዳል። ከዚህም በላይ የማምረት ሥርዓቱን አስመርምሮ ዕቃው ላይ ምልክቱን መቅረጽ አለበት። ለአንድ ብሎን ይህ ሁሉ ድካም ለምን የሚል ቢኖር፣ በሴፕቴምበር 8 ቀን 1989 በዴንማርክ ዳርቻ ባሕር ውስጥ የወደቀውን ኮንቬይር 580 መመልከት ይበቃዋል። በውስጡ የነበሩት 55 ሰዎች ሁሉ ሞቱ፤ የኖርዌይ መርማሪዎች በጅራቱ መጋጠሚያ ላይ ጥንካሬያቸው ከሚገባው በታች የሆነ ሐሰተኛ ማያያዣዎች አገኙ።

አሁን ወደ ቦይንግ 737 ማክስ እንመጣለን። ቦይንግ 737 የመጀመሪያውን የዓይነት ማረጋገጫ ያገኘው በዲሴምበር 1967 ነው። ሕጉ የቀድሞው ንድፍ ሲሻሻል ሠሪው አዲስ ማረጋገጫ ከመጠየቅ የቀድሞውን እንዲያሻሽል ይፈቅድለታል፤ ይህም ብዙ ጊዜና ገንዘብ ያተርፍለታል። ማክስ የጸደቀው በማርች 2017 በዚህ መንገድ ነበር፤ ማለት በ50 ዓመት ዕድሜ ያለው ማረጋገጫ ላይ አንድ ተጨማሪ መሥመር ሆኖ ገባ። የማክስ ሞተሮች ከቀድሞው ስለሚተልቁና ወደ ፊት ስለ ወጡ፣ አይሮፕላኑ አፍንጫውን ከመጠን በላይ ሲያቀና ይበልጥ ወደ ላይ የማዘንበል ጠባይ አመጣ። ይህን ለማረም ኤምካስ የተባለ የኮምፒዩተር ሥርዓት ገባበት፤ ሥራው የጅራቱን አግድም ክንፍ እያንቀሳቀሰ አፍንጫውን ወደ ታች መግፋት ነው። በመጀመሪያ ንድፉ በአንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅሰው 0.6 ዲግሪ ብቻ ነበር፤ በኋላ ወደ 2.5 ዲግሪ ከፍ አለ። የለውጡ ሙሉ መረጃ ግን ለሚመለከታቸው የመንግሥት መርማሪዎች ሁሉ አልደረሰም። አይሮፕላኑ የነፋሱን አቅጣጫ የሚለኩ ሁለት መሣሪያዎች ሲኖሩት ኤምካስ የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር። የአብራሪዎቹ መመሪያ መጽሐፍም ስለ ኤምካስ ምንም አልተናገረም።

ይህ ሁሉ እንዴት አለፈ? መልሱ ከላይ ባነሣነው የውክልና ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በቀድሞው አሠራር ወኪሉን መሐንዲስ የሚሾመው መንግሥት ነበር፤ ወኪሉም ጉዳዩን በቀጥታ ለመንግሥት መሐንዲስ ይናገር ነበር። በ2005 የወጣው ደንብ ግን ውክልናውን ለግለሰብ ሳይሆን ለድርጅቱ ሰጠው። ከዚያ በኋላ መርማሪዎቹን የሚመርጠውና የሚያስተዳድረው ድርጅቱ ራሱ ሆነ፤ መርማሪውም የሚያየውን የሚነግረው ለአለቃው ነው። አለቃው ደግሞ አይሮፕላኑ በቀኑ እንዲያልቅ የሚፈልግ ሰው ነው። በእኛ አስተያየት ከ1926 ወዲህ ከተደረጉት ለውጦች ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ምንም እንኳ በጊዜው እንደ ቢሮ አሠራር ማሻሻያ ቢታይም።

በኦክቶበር 29 ቀን 2018 የኢንዶኔዢያው ላየን ኤር ማክስ ጃቫ ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞቱ። የአቪዬሽኑ አስተዳደር ለአብራሪዎች ማስጠንቀቂያ አወጣ። በዲሴምበር ወር የራሱ ባለሙያዎች ባደረጉት ስሌት፣ ሥርዓቱ ካልታረመ በማክስ አይሮፕላኖች ዕድሜ ውስጥ 15 ያህል ሌሎች አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ ተገመተ። ስሌቱ ለሕዝብ የተገለጠው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፤ አይሮፕላኖቹም መብረራቸውን ቀጠሉ። ከስሌቱ በኋላ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ወደቀ። አየር መንገዱ አይሮፕላኑን ከተረከበው አራት ወር ያህል ቢሆነው ነው። የሞቱት 157 ሰዎች ናቸው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለቺካጎው ስምምነት ታሪክ ትልቅ ስፍራ ያለው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአደጋው ዕለት ጀምሮ የቀሩትን ማክሶች ከበረራ አቆመ። ቻይና በማግሥቱ አገደች፤ የአውሮፓ ኅብረት በማርች 12 ተከተለ። አይሮፕላኑን ያጸደቀችው አሜሪካ ያገደችው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ በማርች 13 ነው። የተዋሱ ዓይኖች ከባለቤቱ ቀድመው አዩ ማለት ነው። የኢትዮጵያ መንግሥትም የበረራ መመዝገቢያዎቹን ለንባብ ወደ አሜሪካ ሳይሆን ወደ ፓሪስ ላከ። ይህን ውሳኔ አንዳንዶች እንደ ቅሬታ መግለጫ ብቻ ተርጉመውታል፤ እኛ ግን ተገቢ የሕግ ጥንቃቄ ሆኖ ይታየናል። ምክንያቱም ከሚመረመሩት ጉዳዮች አንዱ አሜሪካ የሰጠችው ማረጋገጫ ራሱ ነበር።

በዲሴምበር 2022 የወጣው የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጨረሻ ዘገባ ጥፋቱን በኤምካስ ላይ አደረገ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መለኪያ መሣሪያው በተበላሸበት ምክንያትና በአብራሪዎቹ ድርሻ ላይ እንደማይስማማ ገለጠ። የአብራሪዎቹን ነገር የሚያነሡ ሰዎች፣ በመመሪያ መጽሐፋቸው ያልተብራራ ሥርዓት አስቀድሞ መኖሩን ሊዘነጉ አይገባም። ስለ ኤምካስ ራሱ ግን ክርክር የለም፤ ቦይንግ በጃንዋሪ 2021 ሁለት ሠራተኞቹ የአቪዬሽኑን አስተዳደር ማሳሳታቸውን አምኖ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ከፍርድ ሚኒስቴሩ ጋራ ተስማምቷል።

የአሜሪካ ምክር ቤት በዲሴምበር 2020 ባወጣው ሕግ፣ በድርጅቱ ውስጥ ሆነው በመንግሥት ስም የሚመረምሩትን ሰዎች የአቪዬሽኑ አስተዳደር እያንዳንዳቸውን እንዲያጸድቅ አደረገ፤ ይህም ወደ ቀድሞው አሠራር በከፊል መመለስ ነው። አስተዳደሩ ማክስን በኖቬምበር 18 ቀን 2020 ሲለቅ፣ የአውሮፓና የካናዳ መሥሪያ ቤቶች እንደ ወትሮው ማኅተሙን አይተው አልተቀበሉም፤ የየራሳቸውን ምርመራ አድርገው በጃንዋሪ 2021 ፈቀዱ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እስከ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2022 ድረስ ቆይቶ ማክስን ወደ በረራ መለሰ።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ንድፍ ፈቃድ ነው፤ የማምረቱ ፈቃድም ከፈተና አላመለጠም። በጃንዋሪ 5 ቀን 2024 የአላስካ አየር መንገድ ንብረት ከሆነው አዲስ ማክስ 9 ላይ አንድ የበር መድፈኛ በበረራ ላይ ተገነጠለ። የሞተ ሰው አልነበረም። መርማሪዎቹ መድፈኛውን የሚይዙት አራት ብሎኖች በፋብሪካው ውስጥ ተፈትተው ሳይመለሱ መቅረታቸውን፣ ለሥራውም የተጻፈ መዝገብ አለመኖሩን አረጋገጡ። በዲሲ 10 ጊዜ ማኅተም ያለ ሥራ ተገኝቶ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሥራ ያለ ማኅተም ተገኘ። የአቪዬሽኑ አስተዳደር ፋብሪካው በወር ከ38 ማክስ በላይ እንዳይሠራ ወሰነበት፤ ገደቡንም በኦክቶበር 2025 ወደ 42 ከፍ አደረገው።

ሦስተኛው ወረቀት፣ ለእያንዳንዱ አይሮፕላን የሚሰጠው የብቃት ምስክር፣ ከ2019 ጀምሮ ለማክስ አይሮፕላኖች በመንግሥት ሠራተኞች እጅ ብቻ ነበር የሚፈረመው። በሴፕቴምበር 2025 አስተዳደሩ ከዚህ ሥልጣን ከፊሉን ለፋብሪካው መለሰ፤ ወረቀቱን አንድ ሳምንት ቦይንግ፣ በሚቀጥለው ሳምንት መንግሥት እየተፈራረቁ እንዲፈርሙ ተወሰነ።